የሰባት ደቂቃው ዝምታ

(ሰፊ የስብሰባ አዳራሽ፤ ጊዜው ከቀትር በኋላ ነው። ወንበሮች በረድፍ ተደርድረዋል። ከመድረኩ በላይ ሳክስፎኑን እንደ ልጅ አቅፎ ፈገግ ያለ ሰው ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ ከሥሩ «የጋሽ ትንፋሽ ሦስተኛ ዓመት የመታሰቢያ ኮንሰርት» የሚል ጽሑፍ ይነበባል። በመድረኩ ላይ በከፊል የተገጣጠመ ድራም አለ። ከድራሙ ሥር ያለውን ምንጣፍ ሁለት ሰዎች ከሁለት ጫፍ ይዘው ይጓተታሉ። አንደኛው ከሟቹ ጋር ሃያ ሁለት ዓመት የተጫወተው ድራመር ነው። ሁለተኛው የዝግጅቱ አስተባባሪ፣ የሟች ሚስት ታናሽ ወንድም፣ በጡረታ ላይ ያለ የሂሳብ መምህር ነው።)

አስተባባሪ፦ ልቀቀው እኮ ነው የምልህ! ይህ ምንጣፍ ለመግቢያው በር ነው የታሰበው። እንግዳ በባዶ ሲሚንቶ ላይ ተራምዶ ይግባ?

ድራመር፦ እንግዳማ በሲሚንቶ ላይ ቢራመድ ምን ይሆናል ጌታው? ድራሙ ነው እንጂ ያለ ምንጣፍ የሚሄደው።

አስተባባሪ፦ ወዴት ነው የሚሄደው?

ድራመር፦ ወደ ፊት ነዋ። እግሬን በረገጥኩ ቁጥር ትንሽ ትንሽ እያለ ይንሸራተታል። አንድ ጊዜ ምንጣፍ ረስቼ ስመታ፣ ስጀምር ከኋላ ነበርኩ፤ ዘፈኑ ሲያልቅ ከዘፋኙ ጎን ደርሼ አብሬ እጅ ነሣሁ።

አስተባባሪ፦ ያልተማረ ሰው ችግር ይኸው ነው! ይህ ነገር ሰበቃ ይባላል። ክብደት ሲጨምር ሰበቃ ይጨምራል፤ ሰበቃ ሲጨምር መንሸራተት ይቀራል። ስለዚህ መፍትሔው ምንጣፍ ሳይሆን ክብደት ነው።

ድራመር፦ ታዲያ ምን ላድርግ፣ ልወፍር? ኮንሰርቱ እኮ ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው።

አስተባባሪ፦ (ምንጣፉን ይለቅና ላቡን ይጠርጋል) ተወው። ለማንኛውም ዘንድሮ ድራሙ አይንሸራተትም።

ድራመር፦ ምስማር አመጣህ?

አስተባባሪ፦ ምን ምስማር! ዘንድሮ… እንዴት ብዬ ልንገርህ… ዘንድሮ ከፊት ረድፍ ላይ፣ ከእህቴ ከእትዬ ጎን፣ የክብር ወንበር ተይዞልሃል።

ድራመር፦ ለእኔ?

አስተባባሪ፦ ለአንተ። ስምህ ተለጥፎበታል። መደገፊያ ያለው፣ ስፖንጅ የተደረገበት ወንበር ነው።

ድራመር፦ እግዜር ያክብርልኝ! ሃያ ሁለት ዓመት በዚህች ክብ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ወገቤ አለቀ። ለካስ የሚያስብልኝ ሰው አለ! (ከመድረኩ ሊወርድ ይነሣል) በል አሁኑኑ ላምጣው።

አስተባባሪ፦ ወዴት ነው የምታመጣው?

ድራመር፦ ወደ ድራሙ።

አስተባባሪ፦ ወንበሩ ከቦታው አይነሣም!

ድራመር፦ (ጥቂት ያስባል) አሃ፣ ገባኝ። እንግዲያውስ ድራሙን ወደ ወንበሩ እናውርደው። አንድ ጠንካራ ሰው ጥራልኝ፤ ትልቁ ከበሮ ብቻዬን አይሆንልኝም። ግን እትዬ ጆሯቸው ሥር ሲጮኽባቸው ይቆጡ ይሆን?

አስተባባሪ፦ አንተ ሰው! ድራሙ አይወርድም፤ የምትወርደው አንተ ነህ!

ድራመር፦ እኔ ወርጄ እሱ እዚህ ከቀረ በምን ልድረስበት? እጄ እኮ ይቺው ናት።

አስተባባሪ፦ (ትንፋሹን ይውጣል፤ ከቦርሳው አንዲት ጥቁር ሣጥን ያወጣል) እሺ፣ በምሳሌ ላስረዳህ። ይህንን አየኸው?

ድራመር፦ ራዲዮ ነው።

አስተባባሪ፦ ራዲዮ አይደለም። የምት ማሽን ነው፤ ከአንድ የቀድሞ ተማሪዬ ተውሼው ነው። አይደክመውም፣ አይረሳም፣ አንዲት ምት አይዘገይም።

ድራመር፦ ረዳት አመጣህልኝ በለኛ! ተባረክ። እኔ እመታለሁ፣ እሱ ይቆጥርልኛል።

አስተባባሪ፦ የሚመታው እሱ ነው!

ድራመር፦ በምኑ? እጅ የለውም እኮ።

አስተባባሪ፦ በኤሌክትሪክ! የጋሽ ትንፋሽን የቀስታ ዜማ ሞልቼበታለሁ። ስማው እንግዲህ፣ ሐዘኑን ስማው። (ቁልፉን ይጫናል። ሣጥኑ ሽባን ከአልጋው የሚያስነሣ የጭፈራ ምት ያንባርቃል። አስተባባሪው ሊያጠፋው ሌላ ቁልፍ ሲጫን ምቱ እጥፍ ይፈጥናል፤ ሦስተኛውን ሲጫን የፉጨት ድምፅ ይጨመርበታል። በመጨረሻ ባትሪውን ፈልቅቆ ያወጣል። አዳራሹ ጸጥ ይላል።)

ድራመር፦ (ያጨበጭባል) ጎበዝ ነው። ብቻ ሐዘኑ ገና አልገባውም። ከሟች ጋር ይተዋወቁ ነበር?

አስተባባሪ፦ (ሣጥኑን ወደ ቦርሳው ይመልሳል፤ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል) ስማኝ ወንድሜ። በዘወርዋራ ልነግርህ ደክሜ ነበር፤ አልሆነም። ዘንድሮ አንተ አትመታም።

ድራመር፦ እኔ?

አስተባባሪ፦ አንተ።

ድራመር፦ በጋሽ ትንፋሽ መታሰቢያ ላይ?

አስተባባሪ፦ አዎ።

ድራመር፦ (በርጩማው ላይ ቀስ ብሎ ይቀመጣል) ሌላ ቀን ብትከለክለኝ ቃል አልመልስልህም ነበር። ሠርግ ከልክለኝ፤ የምረቃ በዓል ከልክለኝ። የእሱን ቀን ግን… ሃያ ሁለት ዓመት ጀርባውን እያየሁ ነው የመታሁት። ኮቱ ከኋላ በኩል የት ጋ እንደተጣፈ ከሚስቱ ቀድሜ የማውቀው እኔ ነኝ። ሞቶም በዓመት አንዲት ቀን አብረን እንጫወታለን። እሷን ነው የምትወስድብኝ?

አስተባባሪ፦ እኔስ ደስ ብሎኝ መሰለህ? የአምናውን ነገር ረሳኸው?

ድራመር፦ ምኑን?

አስተባባሪ፦ ምኑን ይለኛል! (ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ ያነባል) «ባንዱ የሟችን ዜማ ይጀምራል። ሟች ብቻውን ይነፋበት ከነበረው ቦታ ሲደርስ ሁሉም ጸጥ ይላል። ይህም መቶ ሃያ ስምንት ምት፣ ማለትም ሁለት ደቂቃ ይቆያል። ከዚያ በኋላ ድራሙ ይቀሰቅሳል፤ ሁሉም ይከተላል።» ከዚህ የበለጠ ግልጽ ነገር አለ?

ድራመር፦ ሁለት ደቂቃ ከየት መጣች?

አስተባባሪ፦ በሂሳብ ነዋ። ለተራ ሰው የኅሊና ጸሎት አንድ ደቂቃ ነው። ለሙዚቀኛ እጥፍ አደረግሁት።

ድራመር፦ ለድራመርስ?

አስተባባሪ፦ እሱን ስትሞት እናሰላዋለን። አሁን መልስልኝ፤ አምና ሁለቷን ደቂቃ ስንት አደረግካት?

ድራመር፦ ሰዓት አላሰርኩም ነበር።

አስተባባሪ፦ ሰባት! ሰባት ደቂቃ ሙሉ አራት መቶ ሰው አፉን ዘግቶ ተቀመጠ! ትራምፔት ነፊው ከንፈሩ ደርቆበት መልሶ ማስነሣት አቃተው። የመብራት ሠራተኛው ዝግጅቱ ያለቀ መስሎት ወደ ቤቱ ሄደ።

ድራመር፦ እሱስ ድሮም ችኩል ነው።

አስተባባሪ፦ ባለቀ በማግሥቱ «ለምን አልጀመርክም?» ስልህ «እንዲያው ነው» አልከኝ። በወሩ ስጠይቅህ «እንዲያው ነው» አልከኝ። ዛሬስ?

ድራመር፦ እንዲያው ነው።

አስተባባሪ፦ ይኸው! እኔ ምን ላድርግ? ምክንያት የሌለውን ሰው ይዤ አራት መቶ እንግዳ ፊት ልቁም? አንድ ምክንያት ስጠኝና በድራምህ ላይ ተቀመጥ።

ድራመር፦ (መሬት መሬት እያየ) ምልክት… ምልክት ስጠብቅ ነበር።

አስተባባሪ፦ የማንን ምልክት?

ድራመር፦ በሕይወቱ ሳለ ምልክቱን የሚሰጠኝ እሱ ነበር። ነፍቶ ሊጨርስ ሲል ግራ ትከሻውን ከፍ ያደርጋል። ትከሻው ሲነሣ እኔ እገባለሁ።

አስተባባሪ፦ ሰውየው እኮ ሞቷል!

ድራመር፦ ለዚያ ነዋ የዘገየው።

አስተባባሪ፦ አምላኬ፣ ትዕግሥቱን ስጠኝ! በመጀመሪያው ዓመትም ሞቶ ነበር፤ ያኔ ግን በሰዓቱ ጀምረሃል። የማንን ትከሻ አይተህ ነው?

ድራመር፦ (ወዲያ ወዲህ ይመለከታል) የ… የእትዬን።

አስተባባሪ፦ የእህቴን ትከሻ?

ድራመር፦ ትከሻቸውን እንኳ አይደለም። ቦርሳቸውን ነው። በዝምታው ጊዜ መሐረባቸውን አውጥተው ያለቅሳሉ። ሲወጣላቸው መሐረቡን መልሰው ይከቱና ቦርሳውን ቀጭ አድርገው ይዘጋሉ። ያኔ እገባለሁ። ሚስቱ እንባዋን ሳትጨርስ ከበሮ ይደለቃል?

አስተባባሪ፦ ስምንት ሙዚቀኛ ያለበትን ባንድ በቦርሳ ነው የምትመራው? (ስልኩን ከኪሱ ይመዛል) ቆይ፣ አሁኑኑ እደውልላታለሁ። ቦርሳዋ ስለ ሙዚቃ ምንም እንደማያውቅ ከራሷ አፍ ትሰማለህ።

ድራመር፦ (ደንግጦ ይነሣል) ኧረ ተው ጌታው! አትደውል!

አስተባባሪ፦ ምነው፣ ፈራህ?

ድራመር፦ ለአንተ ብዬ ነው።

አስተባባሪ፦ ለእኔ አትሥጋ፤ ለራስህ አስብ። (ስልኩን ጆሮው ላይ ያደርጋል) ሄሎ፣ እትዬ! ደኅና ዋልሽ?… አዎ፣ ወንበሮቹ ተደርድረዋል።… አበባውም መጥቷል።… አልረሳሁም እትዬ፣ ክራቫቴን አስሬያለሁ።… አዎ፣ መሐረብም ይዣለሁ፤ ስልሳ ዓመት ያለፈኝ ሰው ነኝ እኮ! አንዲት ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። አምና በዝምታው ጊዜ ቦርሳሽን ቀጭ ያደረግሽው ለድራመሩ ምልክት ልትሰጪው ነበር?… (በድል አድራጊነት ወደ ድራመሩ ዞሮ) «የምን ምልክት?» ትላለች! ሰማህ?

ድራመር፦ ሰማሁ። ተሸንፌያለሁ። በቃ ዝጋው።

አስተባባሪ፦ ቆይ እንጂ! (ወደ ስልኩ) ታዲያ ለምን ዘጋሽው?… እኔን አይተሽ?… እኔ ምን አደረግሁ?… አንገቴን ነቀነቅሁ? እኔ? መቼ?… (ፊቱ ቀስ በቀስ ይለወጣል) ሰባት ደቂቃ ሙሉ?… ዓይኔን ጨፍኜ?… አገጬ ደረቴ ላይ?… አዎ። አዎ፣ ልክ ነሽ። ጸሎት ላይ ነበርኩ። ጸሎት ካልሆነ ሌላ ምን ይሆናል?

ድራመር፦ (ለብቻው) ዝጋው ብዬው ነበር።

አስተባባሪ፦ ምን አልሽ?… ሰባት ደቂቃውን ወደድሽው?… (ክራቫቱን ያላላል፤ ለጥቂት ጊዜ ያዳምጣል) እሺ እትዬ።… እሺ፣ አታልቅሺ።… ኧረ አላሳጥረውም! ማን ደፍሮ ያሳጥረዋል?… ድራመሩ? አለ እንጂ፣ የት ይሄዳል! እዚሁ አጠገቤ ነው፤ ምንጣፍ እያነጠፍኩለት ነው። (ስልኩን ዘግቶ በእጁ እንደያዘ ይቆማል።)

ድራመር፦ ምን አሉ?

አስተባባሪ፦ «እሱ ከሞተ ወዲህ ሰው ሁሉ ሊያጽናናኝ ያወራብኛል፤ ማንም ያልተናገረኝ በዚያች ሰባት ደቂቃ ብቻ ነው» አለችኝ። በመጨረሻም ያቺን ወፍራም ዝቅ ያለች የሳክስፎኑን ድምፅ በገዛ ጆሮዋ እንደሰማች ትምላለች። ዘንድሮ ዝምታው ካጠረ ከቤቷ አትወጣም።

ድራመር፦ እሰይ! ሁለት ደቂቃማ ለጋሽ ትንፋሽ ምን ትሆነዋለች? አንድ ሠርግ ላይ ብቻውን መንፋት ሲጀምር ሙሽሮቹ ፎቶ ሊነሡ ወጡ፤ ተነሥተው ሲመለሱ ገና እዚያው ላይ ነበር።

አስተባባሪ፦ (ክራቫቱን መልሶ ያጠብቃል፤ ደረቱን ይነፋል) እንግዲህ እንደምታየው፣ ያ ሰባት ደቂቃ የታሰበበት ነገር ነበር።

ድራመር፦ በማን የታሰበበት?

አስተባባሪ፦ በአስተባባሪው ነዋ! ሐዘን በደቂቃ እንደማይለካ ስለማውቅ፣ አንገቴን በጸሎት ደፍቼ ዝምታውን አራዘምኩት።

ድራመር፦ ቅድም የእኔ ጥፋት ነበር እኮ።

አስተባባሪ፦ ጥፋት በነበረ ጊዜ የአንተ ነበር። አሁን ጥበብ ሆኗል።

ድራመር፦ እሺ ጌታው፣ ውሰደው። እኔ ግን እመታለሁ ማለት ነው?

አስተባባሪ፦ ትመታለህ። እህቴ «ያው ባንድ፣ ያው ሰው» ብላለች። እኔም እንደ አምናው አንገቴን ደፍቼ ዓይኔን እጨፍናለሁ፤ ሰባት ደቂቃ ሲሞላ እነቀንቅልሃለሁ። (በድንገት ይቆማል) ቆይ ግን… ዓይኔን ጨፍኜ ሰዓቱን እንዴት አያለሁ?

ድራመር፦ አትቸገር፤ እሱን ለእኔ ተወው። እቆጥርልሃለሁ።

አስተባባሪ፦ (ይስቃል) አንተ? እስከ ስንት?

ድራመር፦ አምና አራት መቶ ሃምሳ አንድ ነበር።

አስተባባሪ፦ ምኑ?

ድራመር፦ ምቱ። ዝምታው ከጀመረበት እኔ እስከገባሁበት ድረስ።

አስተባባሪ፦ (በጣቶቹ ያሰላል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል) በደቂቃ ስልሳ አራት… አራት መቶ ሃምሳ አንድ ሲካፈል ለስልሳ አራት… ሰባት ደቂቃ ከሦስት ሴኮንድ! አንተ ስትቆጥር ነበር?

ድራመር፦ ሥራዬ እኮ ነው።

አስተባባሪ፦ መቶ ሃያ ስምንት ሲሞላ አውቀሃል?

ድራመር፦ ዱላዎቼንም አንሥቼ ነበር።

አስተባባሪ፦ ታዲያ የጋሽ ትንፋሽ ትከሻ? የእህቴ ቦርሳ?

ድራመር፦ ትከሻው እውነት ነው፤ ነፍሱን ይማረውና። ቦርሳውን ግን አንተ ስታፋጥጠኝ አሁን ነው ያመጣሁት። አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ።

አስተባባሪ፦ ዱላህን ካነሣህ በኋላ ምን ሆነህ አወረድከው?

ድራመር፦ ዓይኔ ከፊት ረድፍ ላይ ወደቀ። ተኝተሃል።

አስተባባሪ፦ ጸሎት ላይ—

ድራመር፦ ተኝተሃል ጌታው። ከማለዳ ጀምረህ አራት መቶ ወንበር ብቻህን ስትደረድር ውለሃል፤ «ረድፉ ይጣመማል» ብለህ እኔን እንኳ አላስነካህም። አሁን ያንን ትልቅ ከበሮ ድንገት ብደልቅብህ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ጮኸህ ልትነሣ ነው። የጋሽ ትንፋሽ የሚስቱ ወንድም በመታሰቢያው ቀን መሣቂያ ሊሆን ነው። አንጀቴ አልቻለም። «ትንሽ ይተኛ» አልኩ።

አስተባባሪ፦ ይህንን ዓመት ሙሉ ይዘኸው ነበር? ዛሬ እንኳ፣ ከድራምህ ላስወርድህ ስል?

ድራመር፦ ምን ልበል? «የተኛኸው አንተ ነህ» ብዬ መምህር ላሳፍር?

(አስተባባሪው በመድረኩ ጠርዝ ላይ ይቀመጣል። የፕሮግራሙን ወረቀት አጣጥፎ፣ ደግሞ አጣጥፎ፣ በመጨረሻ በኪሱ ይከተዋል።)

አስተባባሪ፦ ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ።

ድራመር፦ ይቅር ለእግዚአብሔር።

አስተባባሪ፦ አንዲት ነገር ግን አልገባችኝም። እንዲህ ካዘንክልኝ፣ ለምን በራሴ እስክነቃ አልጠበቅከኝም? ለምን በአራት መቶ ሃምሳ አንዱ ላይ ጀመርክ?

ድራመር፦ ማንኮራፋት ጀመርክ።

አስተባባሪ፦ (ፊቱን በሁለት እጁ ይሸፍናል) ሰው ሰማኝ?

ድራመር፦ አጠገብህ ከተቀመጡት ከእትዬ በቀር ማንም አልሰማህም። እሳቸው ደግሞ ማንን እንደሰሙ አሁን በስልክ ነግረውሃል።

አስተባባሪ፦ (እጁን ከፊቱ ላይ ያወርዳል፤ ወደ ፎቶግራፉ ቀና ብሎ ያያል፤ ወደ ድራመሩ ይመለሳል) ታዲያ እሷን እንዲያ ደስ ካሰኛት፣ ለምን አቋረጥከኝ?

ድራመር፦ ልተውህ ነበር ጌታው። አጀማመርህ ጥሩ ነበር፤ እኔም ትንሽ ታግሼሃለሁ። ግን ምን ላድርግ፣ ከምት ወጣህ!

(መጋረጃ።)